ጀልባው ሆድ ውስጥ የሚገኘው ውሃ፦ «በየት ገባ?» ከማለት በፊት «መቼ ገባ?»

ጀልባው ቅዳሜ ማለዳ ከገላን ወይም ከቱሉ ዲምቱ ግቢ በተጎታች ይወጣል፤ ባቦጋያ (ቢሾፍቱ) ወይም ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ይውላል። ማታ ከሐይቁ ወጥቶ ከኋላ ያለው የማፍሰሻ ቡሽ ሲፈታ ውሃው ይንዠቀዠቃል፤ አንዳንዴ ግማሽ ባልዲ፣ አንዳንዴ አራት አምስት ጄሪካን። ቀፎው፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚያርፈው የጀልባው ውጫዊ አካል፣ ቢታይ ቢዳሰስ ስንጥቅ የለውም። ባለቤቱ ሲሊኮን ገዝቶ የጠረጠረውን መገጣጠሚያ ሁሉ ይለቀልቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃው እዚያው ነው።

የሚያሳስተው ውሃው የሚታይበት ቦታ ነው። በወለሉና በቀፎው መካከል ያለው ክፍተት፣ እዚህ «ሆድ» የምንለው፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ከአፍንጫው በኩል የገባ ጠብታም፣ ከጎን ጠርዝ የሰረገም፣ ከሞተሩ የወረደም መድረሻው አንድ ነው፦ ከኋላ፣ ማፍሰሻው አጠገብ። ቆርቆሮ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠብታው የሚወድቀው ሚስማሩ በተነቀለበት ሳይሆን ማገሩን ተከትሎ ሄዶ በደረሰበት ነው።

ስለዚህ ቦታውን ከመፈለግ በፊት ሰዓቱን መፈለግ ይቀድማል። ውሃ ወደ ጀልባ የሚገባባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፦ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ሐይቅ ላይ ሞተር ጠፍቶ ሳለ፣ ሞተሩ በርቶ ጀልባው ሳይንቀሳቀስ፣ በፍጥነት ሲሮጥ፣ ሰውና ዕቃ በዝቶበት ኋላው ሲሰጥም። የትኛው እንደሆነ ከታወቀ አብዛኛው ተጠርጣሪ በአንድ ቀን ነፃ ይወጣል።

የሐይቅ ውሃ ነው ወይስ የዝናብ?

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው ጀልባ ከላይ ሲታይ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ፊቱ ስለሚጠብ ትንሽ ያንሳል። ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ጥሎ ሸራው ከተቀደደ፣ ወይም መሃሉ ረግቦ ያቆረውን ውሃ ወደ ውስጥ ከገለበጠው፣ ወደ 300 ሊትር ገባ ማለት ነው። 300 ኪሎ። በዚህ ላይ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ካለ ቅጠሉ የወለሉን መውረጃ ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ በቀዳዳው ወደ ውጭ መውጣት የነበረበት ውሃ በወለል ክዳኖቹ ዳርና ዳር ወደ ሆድ ይሰርጋል። ክረምቱን እንዲህ ያሳለፈ ጀልባ ጥቅምት ላይ ሐይቅ ሲወርድ «ማፍሰስ ጀመረ» ይባላል። የሚያፈስ ግን ሸራው ነበር።

መለየቱ ቀላል ነው። ከሆዱ ውሃ ሁለት ጠብታ መስታወት ላይ ያድርጉ፤ አጠገቡ በሃይላንድ ከሐይቁ ተቀድቶ ከመጣው ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከዝናብ ውሃ ሁለት ጠብታ። ፀሐይ ላይ ይድረቁ። የላንጋኖም ሆነ የቢሾፍቱው ሆራ ውሃ በውስጡ የሟሟ ጨውና ሶዳ ስላለው ሲደርቅ ዳሩ ላይ ነጭ ቀለበት ይተዋል። የዝናቡ ግን ቢበዛ ስስ አቧራ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ካለፈው ጉዞ ሆዱ ውስጥ የደረቀ ሶዳ ካለ የዝናቡም ውሃ አሟሙቶት ነጭ ቀለበት ይሠራልና፣ አስቀድሞ ሆዱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ውሃው ለጣት የሚያሙለጨልጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሞተሩ ራዲያተር ፈሳሽ ነው።

የሽርሽር ጀልባ ላይ ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ የቢራና የለስላሳው በረዶ። 20 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 20 ሊትር ነው፤ የማቀዝቀዣ ሳጥኑ መውረጃ ወደ ሆድ የሚፈስ ከሆነ አንድ ሙሉ ጄሪካን «ፍሳሽ» ተገኘ። ዋኝተው የወጡት ሰዎች የሚያንጠባጥቡትም ይታሰብ።

ማድረቅ፣ መለካት፣ መጻፍ

ያልደረቀ ጀልባ አይመረመርም። የወለል ክዳኖቹን በሙሉ ይክፈቱ፣ የተጎታቹን አፍንጫ በክሪክ ከፍ ያድርጉ፣ ቡሹን ይፍቱ፣ የቀረውን በስፖንጅና በጨርቅ ይልቀሙ። ከዚያ ሙሉ ቀን ፀሐይ። ማታ ተመልሰው ሲያዩት ማፍሰሻው አካባቢ እንደገና ከረጠበ ያ ውሃ ከተደበቀ ቦታ እየወጣ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ ከታች እንመለሳለን።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጉዞ መጨረሻ የሚወጣው ውሃ በሚታወቅ ዕቃ ይለካ፤ 20 ሊትር ጄሪካንና የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ደብተር ላይ የገባውን ሊትር፣ ውሃ ላይ የቆየበትን ሰዓት፣ የተሳፈረውን ሰው ቁጥርና ስንት ሰዓት እንደሮጠ ይጻፉ። ሦስት ጉዞ ከተጻፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ራሱ መናገር ይጀምራል። ሦስት ሰዓት ቆሞ 6 ሊትር፣ ስድስት ሰዓት ቆሞ 12 ሊትር ካስገባ፣ ሳያቋርጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ከውሃው መስመር በታች አለ። አራት ሰዓት ቆሞ ምንም፣ ግማሽ ሰዓት ሮጦ 15 ሊትር ካስገባ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው።

መለካቱ ለሌላም ይጠቅማል። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚያ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ገደማ ጠፍቷል። ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ «አልነሳም» ሲል፣ ማለትም ፍጥነት ይዞ ከውሃው ላይ ቀና ብሎ መሮጥ ሲያቅተው፣ ሁሉም «ከፍታው ነው» ይላል፤ እውነትም አለው። ግን ከፍታው አምናም ነበር። አምና ተነስቶ ዘንድሮ እምቢ ያለ ጀልባ መጀመሪያ ሆዱ ይታይ፤ 150 ሊትር ውሃ ሁለት ሰው እንደ መጫን ነው፣ ያውም ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሰው።

ሶፍትና ጠመኔ

ለምርመራው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ የተፈጨ ጠመኔና ሰዓት ይበቃል። በደረቀው ሆድ ውስጥ ጠመኔውን በስሱ ይነስንሱ፤ በተለይ ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ ከሞተሩ ሥርና በመሃል ከፊት እስከ ኋላ በሚሄደው የቀፎው አጥንት ግራና ቀኝ። በእያንዳንዱ ቱቦ መገጣጠሚያና ቀፎውን በሚበሳ ዕቃ ሁሉ ዙሪያ ደግሞ ሶፍት እንደ ቀለበት ይጠቅልሉ።

ጠብታ ጠመኔው ላይ ሲያልፍ ነጩ ይጠቁርና ቀጭን መንገድ ይታያል። መንገዱን ወደ ላይ፣ ወደመጣበት መከተል ነው። ሁለት መንገድ ከተገናኙ ሁለት ምንጭ አለ። ሶፍቱም የራሱ ቋንቋ አለው፦ ከላዩ በኩል ከረጠበ ውሃው ከሌላ ቦታ ወርዶበት ነው፤ ቀፎውን በሚነካው ጠርዙ ጀምሮ ወደ ላይ ከወጣ ግን የሚያስገባው ያው ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ሶፍቱ መርጠቡን ብቻ አይቶ ያልተበላሸ ነገር ይፈታል።

ሐይቅ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ጀልባውን አስረው፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ ማንም ሳይሳፈር 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አይተው የገባውን ለክተው ያድርቁ። ሁለተኛ፣ ሞተሩን አስነስተው እዚያው እንደታሰረ 15 ደቂቃ። ሦስተኛ፣ በዝግታ ነድተው። አራተኛ፣ በሙሉ ፍጥነት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየታጠፉ። በመጨረሻ ቆመው ሦስት አራት ሰው ኋላ ይቀመጥ። በየመሃሉ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ የቀደመው ከኋለኛው ይቀላቀላል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ባትሪ ይዞ ያያል። ሞተሩ ቀፎው ውስጥ ያለ ዓይነት ከሆነ የሚያየው ሰው ነጠላም ሻርፕም አያድርግ፤ ቺንጋው ይዞ ይጎትታል። ሆዱ ውስጥ የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ወይም ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ከታየ፣ ፓምፕም ሞተርም አይነካ፤ አየር ማስገባት ይቀድማል። ያን ውሃ ወደ ሐይቁ መርጨትም ነውር ነው፤ በጄሪካን ይውጣ።

ቆሞ የሚያስገባ

በ30 ደቂቃው ውስጥ ውሃ ከገባ የሚፈለገው ከውሃው መስመር በታች ነው። የቀዳዳው መጠን በስሌት ይገመታል። ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ማለትም አንድ የወለቀች ትንሽ ብሎን ቦታ፣ በሰዓት ወደ 37 ሊትር ያስገባል። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 150 ሊትር፤ ወርዱ እጥፍ ሲሆን ውሃው አራት እጥፍ ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የተበጠሰ ቱቦ ደግሞ በሰዓት ከ2,500 ሊትር በላይ ይለቃል፤ በእነዚህ ጀልባዎች ላይ የሚገጠመው የተለመደ ፓምፕ መለያው ላይ 1,900 ሊትር በሰዓት ቢልም በተግባር ከዚያ በታች ስለሚያወጣ አያሸንፈውም። በደብተሩ ላይ በሰዓት 2 ሊትር ከሆነ ግን የሚፈለገው ቀዳዳ አይደለም፤ የሚያዥ ብሎን ወይም የደከመ ጋስኬት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያው ቡሹ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያው ቡሽ ጠፍቶ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተተካ ከሆነ። ከአሜሪካ የመጡ ጀልባዎች የማፍሰሻ ጉሮሮ፣ ቡሹ የሚጠመዘዝበት፣ ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ የተሠራ ግማሽ ኢንች ነው። በእኛ ገበያ ያለው የቧንቧ ዕቃ ደግሞ የእንግሊዝ ጥርስ ነው። ግማሽ ኢንች ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው፤ ስለዚህ ቡሹ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ልክ የሆነ ይመስላል። የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 60 ሌላው 55 ዲግሪ ነው፤ ወርዱም በጥቂቱ ይለያያል፤ በጥርሶቹ መካከል ውሃ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ይገባል። ቴፍሎን በዝቶ ቢጠቀለልበት ለአንድ ሁለት ጉዞ ይይዛል። ጠበቅ አድርጌ ልዝጋው ያለ ሰው ደግሞ የነሐሱን ጉሮሮ ጥርስ ይበላዋል። መፍትሔው ቡሹንና ጉሮሮውን አብሮ፣ በአንድ ዓይነት ጥርስ መቀየር ነው። ቡሹ ጎማ ሆኖ በእጀታ እየተጨመቀ የሚሰፋው ዓይነት ከሆነ ጎማውን በጥፍር ጫን ይበሉት፤ ካልተመለሰ ደርቋል።

ቡሹ ጤነኛ ሆኖ ጉሮሮው የሚያስገባበት ጊዜ አለ። በኋላው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የነሐስ ቱቦ በጊዜ ብዛት ይሳሳል፤ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ያኔ ውሃው ወደ ሆድ ብቻ ሳይሆን በፋይበርግላሱ መካከል ወዳለው ጣውላ ይገባል። ጉሮሮውን የያዙትን ብሎኖች ሲፈቱ ቡናማ ወይም ጥቁር ውሃ ከወጣ ጣውላው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው።

ሞተሩን የያዙት አራት ትልልቅ ብሎኖችም እንዲሁ። የታችኞቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ውሃው መስመር አካባቢ ናቸው፤ ጀልባው ቆሞ ኋላው ሲጫን ይሰጥማሉ። ግድግዳው ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ጀልባው ተጎታች ላይ ሳለ የሞተሩን እግር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባውን ፕሮፔለር ያለበትን ክፍል፣ ከፍ አድርጎ ጫፉን ወደ ታች ጫን ማድረግና ሌላ ሰው ግድግዳውን እንዲያይ ማድረግ ነው። ግድግዳው ከተለመጠ፣ ወይም ሮንዴላው ፋይበሩ ውስጥ ከሰመጠ፣ ብሎን ማጥበቅ በሽታውን ያባብሰዋል።

ከሁሉ በላይ ሰው የማያስበው ፓምፑን ነው። ውሃ ሊያወጣ የተገጠመው ቱቦ ውሃ ያስገባል። የመውጫው አፍ ከውሃው መስመር ብዙም ካልራቀ፣ አምስት ሰው ኋላ ሲቀመጥ አፉ ይሰጥማል፤ ፓምፑ አንዴ ሠርቶ ሲቆም በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ከበርሜል በጎማ እንደሚሳብ ነዳጅ ወደ ኋላ ይስብና ሐይቁ ወደ ጀልባው ይገለበጣል። ፓምፑ እንደገና ይነሳል፣ ያወጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይገባል፤ ባትሪው እስኪያልቅ። መውጫው ጀልባው ሙሉ ጭነት ሲይዝም ከውሃው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ቱቦውም ወደ መውጫው ከመድረሱ በፊት እስከ ጀልባው ጠርዝ ሥር ወጥቶ ይታጠፍ። አንዳንዱ መካከሉ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ያስገባል፤ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስትጣበቅበት ፓምፑ ራሱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ የማያሳስብ ውሃ አለ። 25 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ቱቦ በ2 ሜትር ርዝመቱ 1 ሊትር ያህል ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም ያ 1 ሊትር ወደ ሆድ ይመለሳል። እሱን ፍለጋ ጀልባ የፈታታ ሰው ብዙ ነው።

ሞተሩ ውስጥ ሆኖ እግሩ ከኋላ በግድግዳው የሚያልፍ ጀልባ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው የጎማ እጅጌ ነው። ጎማው በእጥፋቶቹ ጥግ ይሰነጠቃል፤ እግሩ ዝቅ ሲል እጥፋቱ ይከደናል፣ ከፍ ሲል ይገለጣል። ስለዚህ እግሩ ከፍ ብሎ በባትሪ ብርሃን ነው የሚታየው። ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ ግን እግሩ ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ተለጥጦ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ ዕድሜው አጭር ነው። ከውስጥ በኩል ከግድግዳው ሥር የኩሽኔታ ማጉረምረም ከተሰማ እጅጌው ካለፈ ቆይቷል። ትልቁ እጅጌ ጤነኛ ሆኖ የማርሽ ገመዱ ትንሽ እጅጌ ተቀዶ በገመዱ ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ጠብ ጠብ የሚልበትም አለ፤ ጠብታው የሚወጣው ከገመዱ ጫፍ፣ ሞተሩ ላይ ስለሆነ የሞተር ፍሳሽ ይመስላል።

ሞተር ሲበራ ብቻ

ይህን ሐይቅ መሄድ ሳያስፈልግ ግቢ ውስጥ ማየት ይቻላል። ከኋላ ለሚሰቀል ሞተር እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ መንከር፤ ለሌላው ደግሞ የውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎቹን የሚከድን፣ ሁለት የጎማ ክብ ያለው የቧንቧ ማያያዣ መጠቀም። ከከተማው ዳር ያለው የቧንቧ ግፊት የማይታመን ስለሆነ ከፍ ካለ ሮቶ የሚወርድ ወፍራም ጎማ ይሻላል። ውሃው ከተቋረጠ የሞተሩ ውሃ ሳቢ ጎማ በሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ይጀምራልና ሰው ከቧንቧው አይራቅ፤ ጋዝም አይረገጥ። ማሰሪያዎቹን፣ የቴርሞስታቱን ክዳንና ከማርሚታው ጋር የሚገናኘውን ወፍራም ጎማ በሶፍት ይፈትሹ። የቱቦ ማሰሪያ ስትገዙ ማግኔት ያዙ፤ ቀበቶው የማይዝግ ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነ ብዙ አለ፣ ማግኔት አጥብቆ የሳበው ዓመት አይቆይም። ጭድ ወይም መኖ በሚቀመጥበት ግቢ የከረመ ጀልባ ደግሞ የአይጥ ጥርስ ቱቦው ላይ ይፈለግ።

ሲሮጥ ብቻ

ይህ ከባዱ ነው፤ ጀልባው ሲቆም ማስረጃው ይጠፋል። ጥቂት ቦታዎች ግን ደጋግመው ይገኛሉ። ከኋላው ግድግዳ ሥር የተገጠመው የጥልቀት መለኪያ ሴንሰር ብሎኖች፤ በፍጥነት ጊዜ ውሃው በግፊት ይመታቸዋል። የላይኛውና የታችኛው ቀፎ የሚገናኙበት የጎን ጠርዝ፤ ማዕበልና ፍንጥቅጣቂ ሲያገኘው ይጠጣል። አፍንጫው ላይ ያለው የመጎተቻ ቀለበት፤ ተጎታቹ ላይ ሲሳብ ስለሚወዛወዝ ማስቲሹ ይለቃል። በመጨረሻም የቀፎው መሃል አጥንት። ከግቢ እስከ አስፋልት ባለው ኮረኮንችና ኮብልስቶን ላይ ጀልባው በተጎታቹ ሮለር ላይ ይነጥራል፤ ሮለሩ ያረፈበት ነጥብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ቆሞ ሳለ የተዘጋች ስንጥቅ ቀፎው ማዕበል ላይ ሲለመጥ ትከፈታለች።

የጎን ጠርዙ ግቢ ውስጥ በጎማ ውሃ ይፈተሻል፤ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ባትሪ ይዞ። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ በአንድ ሜትር አምስት ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ የወረደው ውሃ ሁሉንም ስለሚያረጥብ ሥራው ከንቱ ነው።

ከውስጥ መሙላት

ስንጥቅን ለማግኘት ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሐይቁን መገልበጥ ነው፦ ጀልባው ተጎታች ላይ ሳለ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ጨምሮ ከውጭ ማየት። የተጎታቹ ጎማዎች በድንጋይ ይደገፉ፣ አፍንጫው ከፍ ይበል፣ ቀፎው ከውጭ ፍጹም ይድረቅ። አምስት ጄሪካን፣ 100 ሊትር፣ ይበቃል፤ ትንሽ የምግብ ቀለም ቢገባበት ጠብታው ጎልቶ ይታያል። ከዚያ ቀፎው ሥር በባትሪ መጠበቅ፤ ጠብታ የወጣበትን ወዲያው በእርሳስ ማክበብ። ስንጥቅ ቶሎ አይሰጥም፣ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አሉሚኒየም ጀልባ ከሆነ የላላ ሪቬት እንደ ላብ ዶቃ ያወጣል።

«ይሙላ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ቀፎ የተሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚገፋ ውሃ ነው፤ 1,000 ሊትር ማለት 1 ቶን በጥቂት ሮለሮች ላይ ተጭኖ ማለት ነው፣ ስንጥቅ ሲፈለግ ስንጥቅ ይፈጠራል። ውሃው ሞተሪኖውና ሽቦው ደረጃ አይድረስ። ማንም ተጎታቹ ሥር አይተኛ፤ ከጎን ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

ፎሙ ውስጥ የተደበቀው

ደርቆ ያደረ ጀልባ እንደገና ረጥቦ ከተገኘ ሊሆን የሚችለው በወለሉ ሥር የተሞላው ተንሳፋፊ ፎም ነው። ፎሙ አዲስ ሳለ ውሃ አይጠጣም፤ ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ይሞላል፣ ያንንም በቀናት ውስጥ እያንጠባጠበ ይለቃል። ወለሉን በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ውሃ የጠጣው ድፍን ይላል። እርግጠኛ ለመሆን በወለሉ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቶ ፎሙ በጣት ይጨመቃል። ውሃ ከወጣ ፀሐይ አያደርቀውም፤ ወለሉ ተነስቶ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ይህ ውድ ሥራ ስለሆነ የሚያስገባው ቀዳዳ ሳይገኝ አይጀመር።

አጠጋገን

ሲሊኮን ከውሃው መስመር በታች አይገባም። ፋይበርግላስን አጥብቆ አይዝም፤ ሲላቀቅ የሚተወው ስስ ቅባት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ማጣበቂያ ሁሉ ይከለክላል፣ በቤንዚን መጥረግ አያጠፋውም፣ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ነው የሚወጣው። የሚያስፈልገው ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩረቴን ማስቲሽ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ፣ የቀዳዳው አፍ በመሰርሰሪያ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ፣ ማስቲሹ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ጎማ ቀለበት እንዲተኛ ይደረጋል። ሲጠብቅ ሁሉም ተጨምቆ እስኪወጣ አይጠበቅ፤ ደረቅ የቀረ መገጣጠሚያ ወዲያው ያዣል። ፖሊዩረቴን የሚደርቀው በአየር እርጥበት ነው፤ ስለዚህ እንደ ጥር ባለ ደረቅ ወር መለያው ላይ ከተጻፈው ቀን በላይ ይስጡት።

ስንጥቅ ከላዩ አይቀባም። በሁለቱም ጎን በተዳፋት ይፋቃል፤ ልኩ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፣ 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀፎ 36 ሚሊ ሜትር። 450 ግራም የሚባለው የፋይበርግላስ ምንጣፍ አንዱ ድርብ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሰጥ ሦስት ድርብ፣ ትንሹ ከታች ትልቁ ከላይ። ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማጠንከሪያ ነው የሚገባው። ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይያዝምና ሥራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ይለቅ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሳይጠነክር የደረሰበት ፋይበር ሳይደርቅ እጅ ላይ እንደሚያጣብቅ ሊቀር ይችላል። ያን ለማካካስ ማጠንከሪያውን ማብዛት ደረቅና ተሰባሪ ያደርገዋል። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋልና መነጽር ግዴታ ነው፤ ሬዚኑ ቶሎ እንዲይዝ ከሚጨመረው ከኮባልት ማፋጠኛ ጋርም በቀጥታ አይቀላቀል፣ ይፈነዳል። የመኪና ጋራዥ ላይ በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ቶሎ ያምራል፤ ስቱኮ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከነቀለሙ ይነሳል።

ጥገናው ሲያልቅ ያው የሐይቁ ምርመራ በያው ቅደም ተከተል ይደገም፤ ደብተሩም ይወጣ። ከ12 ሊትር ወደ 4 ከወረደ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ቀርቷል፤ ጠመኔው እንደገና ይነስነስ። 1 ሊትር ከሆነና ፓምፑ ሠርቶ ከቆመ በኋላ ከመጣ፣ ያ የቱቦው ውሃ ነው፤ በስፖንጅ ጠርገው ቡሹን ፈትተው የሞተሩ ቁልፍ ላይ አስረው ያኑሩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተሩን ሊያስነሳ የመጣ ሰው መጀመሪያ እሱን እንዲነካ።